ከመሰላሉ ሥር

ሬይኖ ካንጋስ መሰላሉ አራተኛ እርከን ላይ ሲደርስ ቆመና ቁልቁል ተመለከተ። ሚስቱ አርዲስ በሁለት እጇ መሰላሉን ጥርቅም አድርጋ ይዛለች። አያያዟ የድሮው ነው። አንድ እግሯን የታችኛው እርከን ላይ አሳርፋ፣ ክንዶቿን ዘርግታ፣ ዓይኗን ከጫማው ላይ ሳትነቅል ትጠብቀዋለች።

"ወዴት ነው የምትሄደው?" አለችው።

"ጣሪያ ላይ። አሁን ነገርኩሽ እኮ።"

"ሬይኖ ያውቃል?"

ሬይኖ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጓንቱን አስተካከለ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ ይሰማዋል፤ ቢሆንም ገና አልለመደውም።

"ያውቃል፤ እሱ ነው የላከኝ" አላት።

"እንግዲያው ቶሎ ጨርስ። መሰላሉን ሰው ሲነካበት አይወድም።"

እውነቷን ነው፤ አይወድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአሜሪካዋ ዱሉት ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ በላይ ባለው ዳገት፣ ምሰሶ ላይ እየወጣ የመብራት ሽቦ ሲዘረጋና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚነግረው አንድ ነገር ነበር፤ ከታች ሰው ሳይኖር ማንም ወደ ላይ አይወጣም። ከታች የቆመው ሰው ደግሞ አይቀመጥም፣ ስልክ አያነሳም፣ ላይ ያለው መሬት እስኪረግጥ ድረስ ዞር አይልም። በዚህ የተነሳ አንድ ጎረምሳን ከሥራ አባርሮ "ጨካኝ" ተብሏል። ቤቱም ውስጥ ሕጉ ያው ነበር። አርባ አራት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ያለ አርዲስ መሰላል አቁሞ አያውቅም። አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን እሷ፣ የጭስ ማውጫው ሲጸዳ እሷ፣ በፈረንጅ ገና መብራት ሲሰቀል እሷ ነበረች ከሥር የምትቆመው። አእምሮዋ ብዙውን ነገር ቢጥልም እጆቿ ይህን አልጣሉም። ሬይኖም ዛሬ የተማመነው በእጆቿ ነው።

ጣሪያ ላይ ያስወጣው የልብስ ማድረቂያው ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አርዲስ ምድር ቤት ድረስ ልብስ ተሸክማ መውረድ ሲሰለቻት፣ ማጠቢያውንና ማድረቂያውን አውጥቶ ከመኝታ ቤታቸው አጠገብ ተከለላት። የማድረቂያው ትኩስ እርጥብ አየር የግድ ከቤት መውጣት አለበትና አጭሩ መንገድ ወደ ላይ ሆኖ አገኘው። ኮርኒሱን ሰንጥቆ፣ ጣሪያውን በስቶ፣ ቱቦ አቁሞ አናቱ ላይ የቆርቆሮ ቆብ ደፋበት። በመጀመሪያው ጸደይ ወፍ ገብታ ጎጆ ሠራችበት። ሬይኖ ተናደደና ከቆቡ ሥር የሽቦ ወንፊት በብሎን አሰረ። ወፏ አልተመለሰችም። ከልብሱ የሚነሳው ብናኝ ግን ወንፊቱ ላይ እየተለጠፈ ይቀር ጀመር፤ ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ላይ ወጥቶ መጥረግ ነበረበት። ላለፉት ሦስት ዓመታት አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ ለራሱም በግልጽ ነግሮት አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተው። የማድረቂያውን በር ሲከፍት የአንሶላው ጫፍ ጠይሟል። ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለው።

ያለ ማድረቂያ ደግሞ ኑሮ አይገፋም፤ አርዲስ ሌሊት አንሶላ ታረጥባለች። አንሶላዎቹን በሮችና ወንበሮች ላይ ሰቀላቸው። ጠዋት ከመኝታ ቤት ስትወጣ አየቻቸውና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

"እነዚህ ሰዎች ምን ይፈልጋሉ?" አለች በሹክሹክታ።

"አንሶላ ናቸው የኔ ፍቅር። ንኪያቸው እስቲ።"

"አስወጣቸው። ሬይኖ ሳይመጣ አስወጣቸው።"

ያን ቀን ቁርስ አልበላችም። ሬይኖ ትናንት ተነሳና በጎን ግድግዳው በኩል አዲስ መውጫ በስቶ፣ አጭር ቱቦ ገጥሞ ማድረቂያውን አስነሳው። ሠራለት። ደስ ብሎት የድሮውን ቱቦ ከታች ጎትቶ አወጣው። ስህተቱ ይህ ነበር። ላዩ ሳይደፈን ታቹ አይነካም፤ ይህን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። አሁን ከጣሪያው ላይ ካለው ሽንቁር እስከ አርዲስ አልጋ አናት ድረስ ከቀጭን ኮርኒስ በቀር ምንም የለም። ሬዲዮው ደግሞ ከማታ ጀምሮ በረዶ እንደሚጥል ተናግሯል።

ለምን ሰው አይቀጥርም? ቀጥሮም ነበር። ጣሪያ የሚሠሩ ልጆች ሐሙስ እንመጣለን ብለውት እሺ ብሎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ ደውሎ ሰረዛቸው። ባለፈው መጋቢት ማሞቂያ ሊጠግን የመጣውን ሰው አርዲስ "ሌባ" ብላ በመጥበሻ አባርራዋለች። ሰውየው አልተቀየመም፤ በር ላይ ቆሞ ሬይኖን በሐዘኔታ አየው እንጂ። ያ አስተያየት ከስድብ ባሰበት። ከዚያ ወዲህ ማንም ደጁን አልረገጠም። ለጎረቤትም፣ ቤተ ክርስቲያን አብረዋቸው ለሚያስቀድሱትም "ጉልበቷን እያመማት ነው" አለ። አሪዞና ላለችው ልጃቸው ለክሪስታ በየእሑዱ "እናትሽ ሸለብ አድርጓታል" ይላታል፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ። የሚፈራው አንድ ነገር ነው። ከታወቀ ይወስዷታል። ንጹሕ አልጋ ባለበት፣ ሾርባ በሰዓቱ በሚመጣበት ቤት ያስቀምጧታል፤ እሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አበባ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ይሆናል።

ወጣ። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ከዓመታት በፊት አናቱ ላይ ከተከለው የብረት ቀለበት ገመዱን አሰረ፣ ቀበቶው ላይ ቆለፈው፣ ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጎ ሞከረው። ሐይቁ ከሩቅ እንደ እርሳስ ጠቁሯል።

ሥራውን በሥርዓቱ ጀመረ። በቆቡ ዙሪያ የደረቀውን ማጣበቂያ በቢላ ሰነጠቀ። ከላይ በኩል የተደራረበውን የጣሪያ ንጣፍ በጠፍጣፋ ብረት ቀስ እያለ አነሳው፤ ይህ ነገር ብርድ ሲመታው እንደ ብስኩት ይሰበራል። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ጣሪያ ላይ የቀረ ምስማር ወይ ጫማ ሥር ይገባል ወይ ከታች የቆመ ሰው አናት ላይ ይወድቃል። ቆቡን ሲያነሳው ከወንፊቱ ጋር አንድ ክንድ የሚያህል ግራጫ የብናኝ ድብዳብ ተከትሎ ወጣ። ወፍ እንዳይገባ ብሎ ቤቱን ሊያነድ ነበር። ራሱን ሰደበ።

"ገመዱን አስረሃል?" የሚል ድምፅ ከታች መጣ።

"አስሬያለሁ።"

"ቀበቶውንስ?"

"እሱንም።"

"ያኔም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር። ቀና ብል ያለ ገመድ ስትንጎራደድ አገኘሁህ።"

ሬይኖ በእጁ የያዘውን ብረት አስቀመጠ። ያ የሆነው ክሪስታ ጡት ሳትጥል ነው። አርዲስ ያን ቀን ሕፃኗን በአንድ እጇ ታቅፋ፣ በሌላው መሰላሉን ይዛ፣ መንደሩ እስኪሰማ ነበር የሰደበችው።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ቂም ይዘሻል እንዴ?" አላት።

"ቂም አይደለም፤ አላምንህም ነው። ዛሬም አላምንህም። እጅህን አሳየኝ እስቲ።"

ወደ ጠርዙ ጠጋ ብሎ እጁን አወዛወዘላት።

"ጓንትህ ተቀዷል" አለች። "ስትወርድ እሰፋልሃለሁ።"

"ትሰፊልኛለሽ?"

"ማን ሊሰፋልህ ነው ታዲያ? ጎረቤት?"

ሬይኖ ሳቀ። ሁለት ዓመት ሲናፍቃት የኖረችው ሴት እዚያው ከመሰላሉ ሥር ቆማ እየነዘነዘችው ነው። እንዳትሄድበት ፈርቶ ድምፁን እንኳ ከፍ ማድረግ አልፈለገም። ለመድፈኛ ይዞት የወጣውን ኮምፔንሳቶ በሽንቁሩ ልክ እየለካ ወሬ ይፈልግላት ጀመር። ለእራት ዓሣ ቢጠበስ ይሻል እንደሆነ ጠየቃት፤ ሾርባ ይሻላል አለችው። ድንቹ አልቆ እንደሆነ ጠየቃት፤ ምድር ቤት አለ አለችው። ድንች በእርግጥ ምድር ቤት ነበር። እዚህ ላይ ቢበቃው መልካም ነበር። አልበቃውም፤ ስስት ያዘው።

"አርዲስ" አላት። "እስቲ እኔ ማነኝ?"

ኮምፔንሳቶው ላይ በእርሳስ መስመር አሰመረ። ጠበቀ። ሁለተኛውን መስመር አሰመረ።

"አርዲስ?"

እየዳኸ እስከ ጠርዙ ሄደ። መሰላሉ ብቻውን ቆሟል። ቀና ሲል አያት፤ የፖስታ ሣጥኑን አልፋ፣ በቤት ነጠላ ጫማ፣ ቁልቁለቱን እየወረደች ነው። መንገዱ እታች ዋናውን ጎዳና ይገናኛል፤ እዚያ ከባድ መኪና አይቋረጥም።

"አርዲስ! ተመለሽ!"

ዞር አለች። ጣሪያ ላይ ያለውን ሰው አየችው፣ እጇን አንስታ በትሕትና ሰላም አለችውና መንገዷን ቀጠለች።

እጁ ወደ ቀበቶው መቆለፊያ ሄደ። ገመዱን ፈትቶ በመቀመጫው ቢንሸራተት ግማሹን ጊዜ ይቆጥባል። ልቡ እንደዚያ አድርግ አለው፤ እጁ ግን መቆለፊያው ላይ ቆመ። ቢወድቅ ምን ይሆናል? እሱ እዚህ ተሰባብሮ ይጮሃል፣ እሷ እዚያ ትሄዳለች፣ ከሁለቱ የአንዱን ነገር እንኳ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው እንዳያውቅ ሲደክም ኖሮ ተሳክቶለታል። እንዲህ ባለ ብቸኝነት ውስጥ ራሱን እንዳስቀመጠ የገባው ያኔ ነው።

ገመዱን ሳይፈታ እስከ መሰላሉ መጣ። መጀመሪያ እግሩን አስረገጠ፣ ከዚያ ነው የፈታው። ሁለት እግር፣ አንድ እጅ፤ ሁለት እጅ፣ አንድ እግር ሳይለቅ ወረደ። ዘጠነኛው እርከን ላይ መሰላሉ ጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ ጋደል አለ። ሬይኖ ተለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስኪረጋ ጠበቀ። መሬት እንደረገጠ ሮጠ። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሩጫ ከተባለ።

ዋናው ጎዳና ጠርዝ ላይ ደረሰባት። አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ አለፈ፤ ንፋሱ ፀጉሯን በተነው። ሬይኖ እጅጌዋን ለቀም አደረገ።

"አቤት?" አለች ፊቱን እያየች።

"ወዴት ነሽ?" አላት እያለከለከ።

"ሰው እየፈለግኩ ነው" አለች። "ባሌ ጣሪያ ላይ ነው። መሰላሉን ያዝኩለት፣ ያዝኩለት፣ ከዚያ እጄ ደከመብኝ። ብቻዬን አልችልም። አንድ ሰው ላምጣለት ብዬ ወጣሁ፤ ማንንም አጣሁ።"

ሬይኖ እጅጌዋን ለቆ እጇን ያዘ።

"አንተ ትይዝለታለህ?" አለችው። "እንዳትፈራው፣ ይጮኻል እንጂ ክፉ አይደለም።"

"እይዝለታለሁ" አላት። "ነይ እንሂድ።"

ዳገቱን ቀስ ብለው ወጡ። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ "ቶሎ እንበል" አለችው። ደጃቸው ሲደርሱ የመጀመሪያዎቹ የበረዶ ብናኞች መውረድ ጀምረዋል፤ ጣሪያው ላይ ሽንቁሩ አፉን ከፍቶ ይታያል። የቀረው ሥራ የግማሽ ሰዓት ነው። ኮምፔንሳቶውን መቸንከር፣ ውኃ የማያስገባውን ላስቲክ ማንጠፍ፣ ንጣፉን በላዩ መመለስ። ግማሽ ሰዓት አርዲስን የት ያድርጋት?

መጀመሪያ ያደረገው ይህን ነው፤ መኪናው ውስጥ አስገባት፣ ብርድ ልብስ ደረበላት፣ በሩን ከውጭ ቆለፈው። ሦስት እርምጃ ሄዶ ዞር አለ። አርዲስ መስኮቱን በሁለት መዳፏ ተጭናዋለች። አልጮኸችም፤ ዝም ብላ ታየዋለች። ተመልሶ ከፈተላት፣ እጇን ያዘና መንገዱን ተሻገረ።

ጃኔል ፊት ለፊት ነው የምትኖረው። ሃምሳዎቹን የተሻገረች፣ የተማሪዎች አውቶቡስ የምትነዳ፣ ከሕፃናት ጋር ስትጮህ ውላ ድምጿ የሻከረ ሴት ናት። በሩን ስትከፍት አፏ ውስጥ ያለውን ዳቦ ገና አልዋጠችም።

"ቤትህ እየተቃጠለ ነው እንዴ ሬይኖ? በሬን አንኳኩተህ አታውቅም እኮ።"

"አልተቃጠለም። ጣሪያው ላይ ሽንቁር ከፍቻለሁ፣ በረዶው ሳይብስ ልደፍነው ነው። ግማሽ ሰዓት ከታች የሚቆምልኝ ሰው ቸግሮኝ ነው።"

"አርዲስ እያለች? እሷ መሰላል ስትይዝ እኮ እኔ በመስኮቴ አያታለሁ፣ የወታደር ዘብ ናት።" ወደ አርዲስ ዞረች፤ በረዶ ያረጠበውን ነጠላ ጫማዋን አየች። "ወይስ ጉልበትሽ እስካሁን አልተሻለሽም?"

አርዲስ ፈገግ ብላ ሬይኖን አየችው፤ መልሱን ከእሱ እንደምትጠብቅ ሁሉ። ውሸቱ አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ሁለት ዓመት የተሟሸ ውሸት ነው፣ ሳይጠሩት ይመጣል። አዎ ጉልበቷ፣ ብርዱ ሲመጣ ይብስባታል። ይህን ብሎ፣ እሷን ሶፋ ላይ አስቀምጦ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ በሩን ዘግቶ መኖር ይችላል።

"ጉልበቷ ጤነኛ ነው" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። "እኔን አታውቀኝም ጃኔል። ሁለት ዓመት ሆናት። አንዳንድ ቀን ትንሽ ትመለሳለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ጣሪያ ላይ ሆኜ ዋናው መንገድ ድረስ ሄዳብኝ ነበር።"

ጃኔል ዳቦዋን ዋጠች። ሬይኖ ያን የማሞቂያ ጠጋኙን አስተያየት ጠበቀ። ምናልባት ነበር፣ ምናልባት አልነበረም፤ ጎንበስ ብላ ቦት ጫማዋን ስታጠልቅ ፊቷን አላየውም።

"እሺ" አለች ቀና ስትል። ካፖርቷን ለበሰች፣ አንድ ተጨማሪ ካፖርት አውርዳ አርዲስን አለበሰቻት። "የቱን ልያዝልህ? መሰላሉን ነው እሷን?"

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያስተምር የኖረው ሕግ መልስ አለው። ከታች የቆመ ሰው መሰላሉን ይይዛል፤ ሌላ ነገር አይነካም። ሬይኖ ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ አርዲስ አየ።

"እሷን" አለ። "የመሰላሉን አናት ከጣሪያው ጠርዝ እንጨት ጋር በገመድ አስረዋለሁ። አንቺ እሷን ያዢልኝ።"

"አንተ ብትወድቅስ?"

"ብወድቅም እጇን እንዳትለቂ። በሌላው እጅሽ ደውይ።"

ጃኔል ስልኳን ከቀኝ ኪሷ አውጥታ ወደ ግራ ኪሷ አዛወረችና በቀኝ እጇ የአርዲስን እጅ ያዘች።